ሐይቅ ላይ የሚያድነን ገመድ ወንዝ ላይ ለምን ይገድላል?

ብሪታንያ ውስጥ ብርዱ ቀለል ብሎ ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር፣ ወንዙም ሐይቁም ቆመው በሚቀዝፉ ሰዎች ይሞላል። ፓድልቦርድ ይባላል። ሰፋ ያለ ቦርድ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየቀዘፉ መሄድ ነው። እዚህ የምንኖር ሐበሾችም በሥራ ባልደረባ ወይም በጎረቤት በኩል እንጋበዛለን። ግብዣው አብዛኛውን ጊዜ በዋትስአፕ ነው የሚመጣው፦ «ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ እንወርዳለን። ቦርድ አለን፣ ቅያሪ ልብስ ብቻ ያዝ።»

ደስ የሚል ግብዣ ነው። እኔም ሰው እንዲሄድ ነው የምፈልገው። ከሰፈር ቡድን ጋር ውሃ ላይ መውጣት ለሰውነትም ለመንፈስም ጥሩ ነው፤ ከብቸኝነትም ያወጣል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር በደንብ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ቦርዱ ያው ነው። መቅዘፊያውም ያው ነው። ሐይቅና ወንዝ ግን በጭራሽ አንድ አይደሉም። ሐይቅ ላይ ነፍስ የሚያድነው ዕቃ ወንዝ ላይ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ዕቃው ደግሞ ከሁሉም ርካሹና ማንም ልብ የማይለው ነው፦ እግርን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ። ሊሽ ይሉታል።

ስለ ቦርዱ ብዙ አልልም። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በፓምፕ የሚነፋውን ነው። ርዝመቱ ከ3 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ውስጡ የላይኛውንና የታችኛውን ሽፋን የሚያያይዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች አሉት። ሲነፋ መሃሉ ሳያብጥ ቀጥ ብሎ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። የፓምፑ መለኪያ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እስኪያሳይ መንፋት ነው። ክንዱ ሲዝል 8 ላይ የሚያቆም ብዙ ሰው አለ። ያ ቦርድ መሃሉ ይረግባል፣ ሚዛንም ይነሳል። መቅዘፊያው ከቁመታችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። ጠፍጣፋው ጫፉ ትንሽ የታጠፈ ነው፤ ያ መታጠፊያ ወደ ፊት፣ ወደ ቦርዱ አፍንጫ ማየት አለበት። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ገልብጦ ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ።

ሐይቅ ላይ ጠላታችሁ ነፋስ ነው። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ቁመቱ ሁሉ ለነፋስ የተዘረጋ ሸራ ነው። ጀልባ ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠን ሰው የማይነካ ነፋስ እሱን ይገፋዋል። የእንግሊዝ ትልቁ ሐይቅ ዊንደርሚር ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ስትነሱ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ነፋሱ ከኋላችሁ ስለሆነ አይሰማችሁም። ቦርዱ ይሄዳል፣ «ለካ ቀላል ነው» ትላላችሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው። ለመመለስ ስትዞሩ ነፋሱ ፊታችሁን ይመታል። ትቀዝፋላችሁ፣ የዳር ዛፎች ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ጀማሪ ቆሞ አይመለስም። ያኔ መንበርከክ ነው። ካልሆነም በሆድ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ። ስለዚህ የሚያውቅ ቡድን ጉዞውን የሚጀምረው ነፋሱን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ነው። ሲደክማችሁ ነፋሱ ራሱ ወደ ቤት ይገፋችኋል።

ሌላው ጠላት ቅዝቃዜ ነው። እዚህ አገር አየሩ ሞቆ ሰው በቲሸርት ሲሄድ፣ ሐይቁ ገና የክረምቱን ብርድ ይዞ ይቆያል። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ፣ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ ይደልቃል። አፉ ውሃ ውስጥ እያለ ከሳበ ያበቃለታል። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን በዚያች ቅጽበት ዋናው ብዙ አያግዘውም። መፍትሔው አለመታገል ነው። በጀርባ ተንጋሎ፣ ጆሮ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ራስን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ተንሳፍፎ መጠበቅ። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ ትንፋሽ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቦርዱ መውጣት።

ግን ቦርዱ የት አለ? እዚህ ጋ ነው የሊሹ ጥቅም። በፓምፕ የሚነፋ ቦርድ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። እናንተ ስትወድቁ ነፋሱ ቀለብ አድርጎ ይወስደዋል። ዋኝታችሁ አትደርሱበትም። በሊሽ ከታሰረ ግን 3 ሜትር ሳይርቅ ይቆማል። አንድ ሰው በሙሉ ክብደቱ የሚሸከም ተንሳፋፊ እጃችሁ ሥር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሐይቅ ላይ ሊሽ ሳያስር የሚወጣ ሰው ጥፋተኛ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይም ቢታሰር ችግር የለውም።

ወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

መጀመሪያ የውሃን ጉልበት እንረዳ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። የሚፈስ ውሃ አንድን ነገር የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከዚያ ይበልጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ያቺው ወንዝ ስታስቅ ነበር፤ ዛሬ ከዝናብ በኋላ «ትንሽ ፈጠን ብላለች» ቢባል፣ ያ «ትንሽ» በግፊት ሲታሰብ ትንሽ አይደለም። ሌላ ስሌት ልጨምር። በመዝናናት የሚቀዝፍ ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወንዙ በሰከንድ 1 ሜትር ተኩል ከፈሰሰ በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ወደ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ላቡ ጠብ እስኪል ቢታገልም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ዳር ሆኖ ለሚያየው ግን ወንዙ ብዙም የሚያስፈራ አይመስልም።

አሁን ሊሹን እናስብ። ወንዙ መሃል የወደቀ ዛፍ አለ እንበል፤ ወይም የድልድይ ምሰሶ። ቀዛፊው ይወድቃል። ቦርዱ በምሰሶው ግራ በኩል ያልፋል፣ ሰውየው በቀኝ። በመካከላቸው ያለው ገመድ ምሰሶው ላይ ይወጠራል። ሐይቅ ላይ ቢሆን ተመልሶ መፍታት ነበር። ወንዝ ላይ ግን ውሃው አያቆምም። ቦርዱንም ሰውየውንም ወደ ታች ይጎትታል፣ ገመዱ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ሰውየው በአንድ እግሩ ተይዞ፣ ውሃው ከጀርባው እየገፋ ፊቱን ይደፍቀዋል። ለመዳን ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን መድረስ አለበት። ያን ያህል ግፊት ተቃውሞ ወገብን ማጠፍ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ጡንቻ የለም፣ ወኔ የለም፤ እጅ እግር ጋ አይደርስም። ዋና መቻልም አይጠቅምም።

ስለዚህ በሚፈስ ውሃ ላይ ሊሽ ከታሰረ የሚታሰረው ወገብ ላይ ነው። እሱም በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቀበቶ። እስቲ ቀበቶውን ቀረብ ብለን እንየው። ሰፋ ያለ የጨርቅ ቀበቶ ነው። ከፊት ወይም ከጎን በኩል ማያያዣ አለው፤ ማያያዣው ላይ ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ያላት ኳስ ወይም እጀታ ተንጠልጥላለች። እሷን ያዝ አድርጎ ሲስቧት ቀበቶው በሙሉ ይለቃል። ቦርዱ ከነገመዱ ይሄዳል፣ ሰውየው ነፃ ይወጣል። ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቀበቶው ከመንሳፈፊያ ጃኬቱ በላይ ይታሰር፤ ጃኬት ሥር ከተደበቀ እጅ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ የተረፈውን ጫፍ «እንዳይንጠለጠል» ብሎ መቋጠር አይገባም፤ ያ ቋጠሮ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል። ሦስተኛ፣ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ዐይን ጨፍናችሁ ፍቱት። በቀኝ እጅ፣ ከዚያም በግራ። ሌላ ሰው ገመዱን ወጥሮ ይያዝላችሁ። በየጉዞው። የኔ ቡድን ውስጥ ይህን ሳያደርግ ማንም ከዳር አይነሳም፤ አንዳንድ አዲስ ሰው ሲያፍር ባይም ቶሎ ይለምደዋል።

ወንዝ ላይ የወደቀ ሰው ለመቆም አይሞክር። ይህ ከደመ ነፍስ ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በልብ መያዝ አለበት። ውሃው ከጉልበት በላይ ሆኖ እየፈጠነ ከሆነ፣ እግር በድንጋይ መሃል ሊሰነቀር ይችላል። እግር ሲያዝ የላይኛውን አካል ውሃው ይጥለዋል። በጀርባ መንጋለል፣ እግርን ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘርግቶና ከፍ አድርጎ መንሳፈፍ፣ ቀስ በቀስ ወደ ዳር መጠጋት ነው የሚሻለው።

ከሁሉም የከፋው ግን ዊር ነው። ወንዝን አቋርጦ የሚሠራ ዝቅ ያለ ግድብ ነው፤ ውሃው በላዩ ላይ ሞልቶ ይወርዳል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያለውን የጨራጨራን ግድብ ያስታውስ ይሆናል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለወፍጮ፣ ለጀልባ መተላለፊያ፣ ለጎርፍ መከላከያ ተብለው የተሠሩ ዊሮች በየወንዙ አሉ። ብዙዎቹ ቁመታቸው ከሰው ቁመት አይበልጥም። ለዚህ ነው የሚናቁት።

ዊር ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ ከላይ በኩል አለመታየቱ ነው። ቦርድ ላይ ሆናችሁ ስትጠጉ የሚታያችሁ ወንዙን የሚቆርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ከመስመሩ በፊት ውሃው ለስላሳ ነው። ድምፁ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፍሰቱ ይዟችኋል። ሁለተኛው ከታች ነው። የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ጠልቆ ይገባና፣ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድቡ ይመለሳል። የወደቀ ነገር ይሽከረከራል። ይሰምጣል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይሳባል። ግንድ ለሰዓታት እዚያው ሲዞር ይታያል። ሰውም ያው ነው። ውሃው በአየር የተሞላ አረፋ ስለሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬትም እንደ ሌላው ጊዜ አያነሳም። በሊሽ የታሰረ ሰው ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ግድቡ ላይ ሲያዝ እሱም አብሮ ይያዛል።

ይህን ሁሉ በግምት አይደለም የምጽፈው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2021 ዌልስ ውስጥ፣ ፔምብሩክሸር፣ ሀቨርፎርድዌስት የምትባል ከተማ ውስጥ የሆነውን እዚህ አገር ፓድልቦርድ የሚቀዝፍ ሁሉ ያውቀዋል። ዘጠኝ ሰዎች በጠዋት ወደ ክሌዳይ ወንዝ ገቡ። ሰባቱ ተሳታፊዎች፣ ሁለቱ መሪዎች ነበሩ። ብዙ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል፤ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያም ወጥቷል። ከተማው መሃል ዊር አለ። ዊሩ መካከል ለዓሣ መተላለፊያ ተብሎ የተሠራ ተዳፋት አለ። ከሁለቱ መሪዎች አንዷ የሆነችው የጉዞው አዘጋጅ በዚያ በኩል አልፋ ተረፈች። የተከተሏት ተሳታፊዎች ግን ዊር እንዳለ፣ ሲደርሱበትም ምን ማድረግ እንዳለባቸው አልተነገራቸውም። ለሚፈስ ውሃ የሚሆነው፣ ከወገብ ላይ ባንዴ የሚፈታው ሊሽም አልተሰጣቸውም። ሦስት ሴቶችና አንደኛው መሪ ሞቱ። መሪው ከውሃው ወጥቶ ነበር፤ ሌሎቹን ሊያድን ተመልሶ ሲገባ ነው ያለቀው። አዘጋጇ ጥፋቷን አምና በ2025 የ10 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደባት። የነበራት የማስተማር ብቃት ማረጋገጫ ለእንዲህ ያለ ውሃ የሚበቃ አልነበረም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያሳዝነኝና የሚያስቆጣኝ ነገር፣ ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። በቡድን ነው የሄዱት። መሪ አላቸው። «ብቻችሁን አትውጡ» የሚለውን ምክር ሰምተዋል። ስለዚህ በቡድን መሆን ብቻውን ደኅንነት አይደለም። ደኅንነት የሚመጣው ቡድኑ ከሚሠራው ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ደግሞ ውሃ ሳይነካ በፊት የሚያልቅ ነው።

ያ ሥራ ምን ይመስላል? ጥሩ መሪ ከአንድ ቀን በፊት የወንዙን ከፍታ ያያል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የየወንዙ ከፍታ በየጊዜው በኢንተርኔት ይወጣል፤ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ በግራፍ ይታያል። ዝናቡ የት እንደ ዘነበም ያያል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ዘንቦ ከሆነ፣ ውሃው ነገ ነው የሚደርሰው። በክረምት የአገራችን ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቴምስ ላይ፣ ለንደን ውስጥ ካለችው ቴዲንግተን በላይ፣ በየጀልባ መተላለፊያው በሩ ጋ ሰሌዳ ይሰቀላል። ቢጫ ከሆነ ፍሰቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ነው፤ ሞተር የሌለው ሁሉ ባይገባ ይመከራል። ቀይ ከሆነ ፍሰቱ ብርቱ ነው፤ ማንም ባይገባ ነው። ከቴዲንግተን በታች ደግሞ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ወንዙ ድረስ ይደርሳል፤ ውሃው በቀን ውስጥ አቅጣጫውን ይቀይራል። ያ ሌላ ትምህርት ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም።

ከዚያ መሪው መንገዱን በእግሩ ያያል። ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል፦ የወደቀ ዛፍ አለ? ዊሩ የት ነው? ከዊሩ በፊት የምንወጣበት ዳር የት ነው? ያ የመውጫ ቦታ ለሁሉም በቅድሚያ ይነገራል። ዊር ጋ ወርዶ፣ ቦርድ ተሸክሞ፣ በእግር ዞሮ ማለፍ ነው፤ ጀግንነት የሚታይበት ቦታ አይደለም።

ውሃ ላይ ደግሞ ሥርዓት አለ። ፊት መሪ፣ ኋላ ሌላ ልምድ ያለው ሰው። መሪውን ማንም አይቀድምም፣ ከኋለኛው ማንም አይቀርም። መቅዘፊያ አግድም ከፍ ካለ «ቁሙ» ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ «ኑ» ነው። አንድ ፊሽካ «እዩኝ»፣ ሦስት ፊሽካ «አደጋ»። ሰው ሲወድቅ ዘሎ መግባት የለም። መጀመሪያ በድምፅ መምራት፣ ከዚያ መቅዘፊያ መዘርጋት፣ ካልሆነ ገመድ መወርወር። ስልክ መደወል ካስፈለገ 999 ነው፤ ወንዝና ሐይቅ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን፣ ባሕር ላይ የባሕር ጠረፍ ጠባቂውን መጠየቅ ነው።

ለእኛ ለሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መደበቁ ግን አደገኛ ነው። ሰው ፊት «እችላለሁ» ብሎ ዝም ማለት እኛ ዘንድ ይበዛል፣ ይሉኝታው ይይዘናል። ለመሪው በግልጽ ንገሩት። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሳችሁ ዚፑን ዝጉ፤ ቦርዱ ላይ አስሮ መሄድ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ሐይቅ ላይ፣ ዳር ዳሩን ተለማመዱ። ልጆች ካሉ ጃኬቱ ልካቸው መሆኑን በትከሻው አንሥታችሁ ፈትሹ፤ ጆሯቸው ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። አገር ቤት ለዕረፍት ስትሄዱ ቦርድ ብታገኙ ደግሞ ነፋሱንና ፍሰቱን ብቻ አታስቡ። ጣናም ሐዋሳም ጉማሬ አለ፣ ጫሞ አዞው ብዙ ነው፤ ብዙ ሐይቆች ላይ ቢልሃርዝያ አለ። በደንገል ታንኳ ሐይቁን የሚያቋርጡትን የአካባቢውን ሰዎች ሳትጠይቁ አትግቡ።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ፦ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ብዙ ወንዞችና ካናሎች ላይ ለመቅዘፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፓድል ዩኬ የሚባለው የቀዛፊዎች ማኅበር አባል የሆነ ሰው አብዛኛውን በአባልነቱ ያገኘዋል። ስኮትላንድ በ2003 በወጣው ሕግ ውሃው በኃላፊነት ለሚጠቀም ሁሉ ክፍት ነው። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት ቦርዱን አጥባችሁ አድርቁት፤ ወራሪ ተክልና ትንንሽ ፍጥረት ተጣብቆ ስለሚጓዝ።

እንግዲህ የቅዳሜው መልእክት ሲመጣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ወንዙ ዛሬ ምን ያህል ነው? መንገዱ ላይ ዊር አለ? የት ነው የምንወጣው? ሊሹ ምን ዓይነት ነው? ኋላ የሚቀረው ማን ነው? የሚያውቅ መሪ በጥያቄው አይቆጣም፤ ብዙ ጊዜ ሳትጠይቁት ይናገራል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩ፦ ወንዙ ሞልቶ ካገኘነው የት እንሄዳለን? አስቀድሞ ሌላ ሐይቅ ያሰበ መሪ ጠዋት ዳር ቆሞ ውሃውን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ማለት አይከብደውም። «ኧረ እዚያው ደርሰን እናያለን» የሚላችሁ ከሆነ፣ ያን ቅዳሜ ቤት ዋሉ።